ከበሩ ማዶ ያለው ትንፋሽ

እህትና ወንድም አንድ አጭር አስፈሪ ፊልም ሠሩ። እሷ አዘጋጅ፣ እሱ የድምፅ ባለሙያ ነበር። ፊልሙ ዐሥር ደቂቃ፣ በትክክል ለመናገር ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። እህትየዋ ሦስት ዓመት ደክማበታለች፤ ነገ ለውድድር ካልደረሰ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ነው።

አባታቸው የሞቱት ቀረጻው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እሷ መኪናዬ መንገድ ላይ ተበላሸ ብላ፣ ካረፉ በኋላ አመሻሽ ላይ ቤት ደረሰች። ስለዚያ ቀን ሁለቱ አንድም ጊዜ ተነጋግረው አያውቁም።

«ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ!» አለች ወደ ስቱዲዮው ስትገባ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ላንተ ነው መሰለኝ።»

«አሹፊብኝ። ይልቅ ቁጭ በይና ስሚ፣ እቴቴ።»

በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ከተዘጋ በር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጭራቅ አይታይም፤ ደምም የለም። ወንድምየው ሙዚቃውን ከነአካቴው አውጥቶታል። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል፤ ቆይቶ እሱም ጸጥ ይላል። ያኔ ከበሩ ማዶ ትንፋሽ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ታፍኖ ይቆይና ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወጣል።

እህትየዋ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች።

«ፀጉሬ ቆመ! ማንን ነው የቀዳኸው?»

«እሱን ተይው። ከፈለግሽ ሌላ እንፈልጋለን።»

«አብደሃል? ፊልሙ እኮ ይሄ ነው!»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ስትል ግን ድምፁ የተቀዳበትን ቀን አየች። አባታቸው የሞቱበት ቀን ነበር። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«የአባባን ጣር ነው የቀዳኸው?»

ወንድምየው ድምፁን አቆመ።

«አባባ ስሜን እየጠራ ሲያጣጥር አንተ ማይክ ደቅነህበት ነበር?» ብላ ጮኸች። «አውሬ! አስከሬን የሚዘርፍ ካንተ ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መውጫው አመራች። ወንድምየው ፊቱን ከስክሪኑ ሳይመልስ ተናገረ።

«እኔ ያን ቀን እጁን ይዤ ከአጠገቡ አልተነሣሁም፤ መቅረጫውን የቤቱን ዝምታ እንዲቀዳልኝ ብዬ የተውኩት መተላለፊያው ላይ፣ ከተዘጋው የመኝታ ቤቱ በር ውጭ ነበር፤ አባባ እየጠራሽ ያን ያህል ሰዓት እዚያ ቆመሽ ለምን ወደ ውስጥ እንዳልገባሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም፣ እቴቴ።»