ሰው ያልመጣበት ቤት

ሟች ወንድሟ የሠራውን የኮምፒውተር ጌም የተጫወተው ሰው የለም፤ ሁሉም ዝነኞቹ የውጭ ጌሞች ላይ ተጥዶ ሲውል፣ የሱን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እሷም የከፈተችው ገና ዛሬ፣ በሙት ዓመቱ ማግስት ነው።

በጌሙ ውስጥ ኩራዝ የያዘች ሴት ጨለማ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ኮቴ ይሰማል። ከስክሪኑ ግርጌ ለመንካት የእጅ፣ ለመናገር የአፍ ምልክት አለ። በማውሱ የእጅ ምልክቱን መርጣ በሩን ነካች፣ መስኮቱን ነካች፤ ንቅንቅ የለም። ኮቴው ቀረበ። ጌም መሆኑን እያወቀች ዞር ብላ ከወንበሯ ኋላ አየች።

ድንገት እናታቸው ትዝ አለቻት፤ «ሳይጣሩ ሰው ቤት አይገባም!» ትል ነበር። እጁን ትታ የአፍ ምልክቱን ተጫነች።

«ቤቶች!» አለች ባለ ኩራዟ።

በሩ ተከፈተ።

«ደጆች!» አለ የወንድሟ ድምፅ። «ግቢ፣ እታለም። ካንቺ በቀር ማንም እንደማይመጣ አውቅ ነበር።»