የማዘያው ቋጠሮ

ዝዋይ ሐይቅ መሐል የጀልባዋ ሞተር ድንገት ጸጥ ሲል፣ ሙሉዬ ደረቷ ላይ ያለውን የማዘያ ቋጠሮ ጨበጠች። ደሴቶቹ ገና ሩቅ ነበሩ። የቡራዩዋ ሴት ከገፈርሳ ግድብ በቀር ሰፊ ውኃ አታውቅም፤ እሱንም ከሚኒባስ መስኮት ነው። ላይፍ ጃኬቱን ለብሳ፣ ከላዩ ልጇን አዝላለች። ቋጠሮውን ያጠበቁት አማቷ ነበሩ።

“አይዞሽ፣” አሏት። “ከእናቱ ጀርባ የወደቀ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ማዕበሉ ጀልባዋን አዘነበላት። “ኧረ ፈጠን በል፣ ወንድሜ!” ብሎ ባሏ ጮኸ። የሞተሩን ገመድ ደጋግሞ ይጎትት የነበረው ጀልበኛ ቀና ሲል ሙሉዬን አያትና እጁ ቆመ።

“እህቴ፣ ልጁን ቶሎ አውርጂው! ውኃው ውስጥ ከገባሽ ጃኬቱ በጀርባሽ ነው የሚያንሳፍፍሽ። አንቺ ወደ ላይ፣ እሱ ከሥር።”

ሙሉዬ ቋጠሮውን ሳበችው፤ አልፈታ አለ። ርጥበቱ አጥብቆታል። በጥርሷ ልትይዘው ብታጎነብስም አልደረሰችበትም። አማቷ ተንበርክከው በጥፍራቸው ይቆፍሩት ጀመር።

“እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ እኔው እፈታዋለሁ፤ እመብርሃን፣ እመብርሃን…”

ሞተሩ ተነሳ። ባሏ አጨበጨበ፤ ጀልበኛውም ሳቀ። የሁለቱ ሴቶች አራት እጆች ግን ገና ቋጠሮው ላይ ነበሩ።