የእንሶስላው ቀይ

የሥርጉት ልጅ ገድሉ ከደቅ ደሴት ሲመለስ ታንኳው ከተገለበጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ዓሣ አጥማጁ አበራ ከሐይቁ ያወጣውን ቀይ የአንገት ልብስ፣ ዘጌ ዳርቻ ላይ ለቆመችው እናት ዘረጋላት። "እትዬ ሥርጉት፣ እርስዎ ያቀለሙት አይደለም?"

ክሩን ከእንሶስላ ሥር ጋር ቀቅላ፣ ሦስት ጊዜ ነክራ ለልጇ ያቀላችው ራሷ ነበረች። የገበያ ቀለም ቢሆን እስካሁን ውሃው ባደበዘዘው ነበር፤ ይህ ግን ምንም አልለቀቀም። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"የእኔ ቀለም አይደለም" አለች።

ከአበራ ጋር ገድሉን ሲፈልጉ የሰነበቱት ሰዎች ፊት በራ። "ተመስገን! እንግዲያ ከአንዱ ደሴት ተጠግቶ ይሆናል" ብለው ታንኳቸውን እንደገና ወደ ውሃው ገፉ። ሥርጉት ልትመልሳቸው እስከ ውሃው ጠርዝ ተከተለቻቸው፤ ግን ሳትጠራቸው የአንገት ልብሱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። "ገድሉ! ገድሉ!" እያሉ ከዓይኗ ራቁ።