ጥሩምባ ነፊ ይቅር ወይስ ይቆይ

«ኧረ ቶሎ በል፣ ጋሽ ንዋይ!» ይለኛል የእድራችን ሊቀመንበር መገርሳ። ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜያለሁ። ልጄ ሶሊያና ፕሪንት ያደረገችልኝን ወረቀት ይዣለሁ።

ዛሬ ድምፅ የሚሰጠው በኔ ሥራ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። መቼም እዚህ ፈረንጅ አገር ጥሩምባ ብነፋ ቀድሞ የሚደርሰው ፖሊስ ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ከኩን ራፒድስ እስከ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ከከተማ ከተማ ድራይቭ አድርጌ በር አንኳኳለሁ፤ መርዶ የማረዳውም እኔ ነኝ። አሁን ግን ግሩፕ ቻት አለ፣ ምን ያደርግልናል አሉ።

«እንግሊዝ አገር አንዲት ከተማ ውስጥ» ብዬ አነባለሁ፣ «ደወል እየደወለ አዋጅ የሚናገር ሰው ነበር። ጋዜጣ መጣ፤ አላባረሩትም። ሬዲዮ መጣ፤ አላባረሩትም። ዛሬም ቀይ ካባውን ለብሶ ከከንቲባው ፊት ፊት ይሄዳል።»

«ታዲያ ካባ ግዙልኝ ነው የምትለው?» ይላል መገርሳ። አዳራሹ ይስቃል። ሆድ ይብሰኛል። ካባ ለኔ ምኔ ነው!

«ይቅር የምትሉ፣ እጅ አውጡ!»

እጆች ይወጣሉ። የመገርሳም አለበት። ከግማሽ በላይ ናቸው።

በዚህ መሀል ስልኮች ይንጫጫሉ። ሁሉም አንድ እጁን እንዳነሳ ያጎነብሳል። እኔም አያለሁ። ዛሬ ከስብሰባው የቀረችው ቲጂ ግሩፑ ላይ ጽፋለች፦ «የእህታችን የሺሀረግ ወንድም አዲስ አበባ አርፏል። ነፍስ ይማር።»

ወይ ጉድ! መርዶ እንዲህ ነው እንዴ? ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ቤቷ ተሄዶ ነው እንጂ! የሺሀረግ ደግሞ እዚሁ ናት፤ ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ ነበር። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ ትላለች። ስልኳ ከበሩ አጠገብ ቻርጅ ላይ ነው።

የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። የተነሱት እጆች ይወርዳሉ፤ ሁሉም እኔን ያያል።

«ጋሽ ንዋይ፣ በናትህ» ይላል መገርሳ በሹክሹክታ።

ወረቀቱን ጥዬ ወደ እሷ እፈጥናለሁ። «የሺዬ፣ እስቲ ስልክሽን አውሺኝ። የኔ ባትሪ አልቋል።»

«ውሰደው፣ ጋሼ።» ሳታየው ነቅላ ትሰጠኛለች። «ብቻ ዛሬ ወንድሜ ይደውላል። ሲደውል ቶሎ አምጣልኝ፣ እሺ?»

«እሺ» እላታለሁ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ በእጄ አፍኜ እይዘዋለሁ። «ነፍስ ይማር» የሚለው መልእክት ኪሴ ውስጥ እየተከታተለ ይገባል።