የጋራዡ ደፍ

«አሁን ይጫኑት እማማ» አለ ባለሙያው ሪሞቱን እያቀበላት። «አይፍሩ፣ አይነክስም።»

የፈጣሪን ስም ጠርታ ተጫነችው። በሩ ኮሽ ሳይል ተነሳና ጣሪያው ስር ታጥፎ ገባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ስትገፋው የኖረችው ብረት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ይሄኛው እንደ መጋረጃ ተገለጠላት።

«ድምፅ አለው?» አለች ትንሿ ልጇ ከኋላዋ።

«የድመት ዳና ያህል እንኳ የለውም። እጅሽ ይባረክ!»

በሩን ያመጣችላት ይህችው ልጇ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ ላይ በር ሲመርጡ ከረሙ። ቀለሙን እናት መረጠች፤ የወተት ዓይነት ነጭ። ሞተሩን ልጅ መረጠች። «ድምፅ የሌለው ይሁንልሽ፣ እማዬ» ስትላት የእናት አንጀት ቅቤ ጠጣ። ድምፅ የሌለው በር ለምን እንደሚያስፈልጋት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለማ።

የበኩር ልጇ አባቱ ላይ እጁን ከሰነዘረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ዕለት ባሏ ቅዱስ መጽሐፉን አምጥቶ፣ እጇን አስጭኖ፣ «የዚህን ቤት ደፍ አላስረግጠውም በይ!» አላት። አለች። በፈጣሪ ፊት የወጣ ቃል እንደ ምራቅ ተመልሶ አይዋጥም። ግን ደግሞ እናት ናት። አንድ ጠዋት ጸልያ ስትነሳ ዓይኗ ጋራዡ ላይ አረፈ። ወለሉ ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። ደፍ የለውም!

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አባት መኪናውን ይዞ ሥራ ሲውል፣ የበኩር ልጇ ጎረቤት እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ በጋራዡ በኩል ይገባል። እሱ አሮጌ ጎማ ላይ፣ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ታበላዋለች፤ ሸሚዙን ታጥብለታለች። ወደ ጓዳ የሚያስገባውን ደፍ አንድም ቀን አልረገጠም። መሐላዋም አልፈረሰም።

ይህን ለትንሿ ልጇ ብቻ ነገረቻት። «እማዬ፣ አንቺማ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ!» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እናት ባለሙያው ቶሎ እንዲሄድላት እየተቁነጠነጠች ምርቃቷን ደራረበችው። ሰውየው ሁለተኛውን ሪሞት ለልጅቷ ሰጥቶ መፍቻውን ሰበሰበ።

«እንዳያደናቅፍዎት ብቻ» አለ፣ በጫማው ጫፍ ወደ መሬት እያመለከተ።

ዝቅ ብላ አየች። በበሩ ልክ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሦስት ጣት ከፍ ያለ ጥቁር ጎማ ወለሉ ላይ ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደፍ ነዋ! መኪናው በላዩ ያልፋል፣ አያስቡ። እውነቱን ለመናገር አያስፈልገውም ነበር። ወለሉ ውኃ ልክ ነው፤ በሩም ከሥሩ ውኃ የሚያግድ የራሱ ጎማ አለው። ልጅዎ ግን “ያለ ደፍ እንዳትገጥምልኝ” ብላ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ። እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ልጅ ይባርክልዎት!»

ዕቃውን ተሸክሞ እያፏጨ ሄደ።

እናት ዞረች። ልጅቷ ሪሞቱን በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች።

«ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«እዚህ ቤት ዝናብ ገብቶ ያውቃል?»

ልጅቷ ሪሞቱን መጥረጓን አላቆመችም።

«አንቺን እኮ ነው!»

«ደከመኝ፣ እማዬ። በየማክሰኞው አባዬን ዓይኑን እያየሁ መዋሸት ደከመኝ። አንቺ እንደሆነ ብለምንሽም አትተዪም።»

«እና ለአባትሽ ብትነግሪው አይሻልም ነበር?»

«ለአባዬማ ምንም አልተነፈስኩም!» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «ከዳሽኝ ልትዪኝ ነው?»

ባሏ ሰምቶ ቤቱን በጩኸት ቢያናጋው ትችለዋለች፤ ችላም ታውቃለች። ይሄ ግን ከሆዷ አውጥታ የሰጠችው ምስጢር ነው። ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ በስምንት ብሎን ታስሮ ተመለሰላት።

«ኧረ ጉድ! ሀብታም ሆነን ነው እንዴ?»

የበኩር ልጇ መንገዱ ላይ ቆሞ፣ የልብስ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ የተከፈተውን በር እያየ ይስቃል። «በዚህ በር ለመግባት ክራቫት ማሰር ነበረብኝ!» አለና እግሩን አነሳ።

«ቁም!»

እግሩን መለሰ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ምነው እማ? እሱ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ምን ትበለው? እህቱን አየቻት። እህቱ ወለሉን ታያለች።

እናት የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ጎማውን ተሻገረችና መንገድ ወጣች። መሐላው የእሷን እግር አላሰረም። ከልጇ እጅ ከረጢቱን ተቀብላ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ና አጠገቤ።»

«እዚህ? ሰው እያየን?»

«ያየን ይየን።»

ከማዶ የጎረቤት መጋረጃ ተነቃነቀ። ልጇ ትከሻው ትከሻዋን እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«በላህ?» አለችው።

እሱ በትከሻዋ አሻግሮ ወደ ኋላዋ እያየ ነው። ዞር አለች። ነጩ በር እየወረደ ነው። የእሷ ሪሞት ጭኗ ላይ፣ ከረጢቱ ስር ነው፤ አልነካችውም። የልጅቷ ፊት ተሸፈነ፤ ቀጥሎ እጆቿ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ። በመጨረሻ ጫማዎቿ ብቻ ቀሩ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ፈቀቅ አሉ፤ በሩም መሬት ነካ።