ኮምፒውተሩ የጣላት ፎቶ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሙላቷ የሰውየውን ፍላሽ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ጭጋግ ነው ያመጡልኝ?»

«ጋላክሲ ነው» አላት እንደ ልማዱ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ማንም ልብ የማይላቸውን የሰማይ ደብዛዞች በቴሌስኮፕ ሲያነሳ ኖሯል። ከሙላቷ ሌላ ደህና አድርጎ ያየለት ሰው የለም። ካሜራውንም ወደ ምድር አዙሮ አያውቅም። አንዷን ጋላክሲ መቶ ሃያ ጊዜ ያነሳታል፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ደራርቦ አንድ ያደርጋቸውና፣ በአንዱ ላይ ብቻ የታየውን ነገር ስህተት ነው ብሎ ይጥለዋል።

«ይቺኛዋን በትልቁ አትሚልኝ።»

ሙላቷ አየቻት። ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ብርሃን ሄዶባታል፤ በስተግራ የጋቢ ጫፍ የሚመስል ብዥታ ይታያል።

«ይቺማ ተበላሽታለች። ጥሩዋ እያለች?»

«ኮምፒውተሩም ጥሏት ነበር። ባለቤቴ ናት። ብርድ እንዳይመታኝ ብላ ጋቢ ይዛልኝ፣ ደረጃውን በባትሪ እያየች ወጥታ ነው። ‹አጥፊው፣ ሥራዬን አበላሸሽብኝ› ብዬ ጮህኩባት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«አጠፋችው። ጋቢውን አልብሳኝ በዳበሳ ወረደች።»

ሙላቷ እየሳቀች የፎቶዋን መጠን አስተካከለች።

«ከሥሯ የጋላክሲዋን ስም ልጻፍበት?»

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አሰገደች ደባልቄ በይ» አላት። «አርባዋ እሑድ ነው።»