የጣት ቀለም

እናትየው ያለፈውን ክትባት አልረሳችውም። ልጇ ትርንጎ ሁለት ቀን ሙሉ ሰውነቷ አተኩሶ፣ ክንዷ አብጦ ስታለቅስ ነበር። ነርሷ "ይሄማ ያለ ነው፤ ይተዋታል" ብላ ነበር፤ ተዋትም። ፍርሃቱ ግን እናትየውን አልተዋትም።

ዘንድሮ ኩፍኝ ጎረቤት ቀበሌ ገባ ተብሎ ከታቢዎች ቤት ለቤት ዞሩ። የከተቡትን ልጅ ትንሿን ጣት በጥቁር ቀለም ይቀባሉ። እናትየው ግን ጥቁር ብታጣ የትርንጎን ጣት በሰማያዊ እስክሪቢቶ ደጋግማ ቀባች። ከታቢዋ ቸኩላ ነበርና ከበር ላይ አይታ አለፈች።

"የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከተከተበ፣ የእኔዋን ከየት መጥቶ ያገኛታል?" አለች በሆዷ።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤቷ የዘርፌ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ሽፍ ብሎበት ተኛ።

"ኩፍኝ እንዳይሆን ዘርፌ?"

"ምን በወጣው! ተከትቧል እኮ፤ ጣቱን እዪዋ!"

አየችው። ሰማያዊ ነው።

ወደ ደጅ ሮጠች። የመንደሩ ልጆች ከትርንጎ ጋር ከአንድ ጣሳ ውሃ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። እጃቸውን እየሳበች ትንሿን ጣት አየች፤ የአንዱን፣ የሌላዋን፣ የሁሉንም።

ጥቁር አንድም አልነበረም።